የተራራው መንገድና የፊት ወንበር

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። አለቃዬ ፒተር የቫኑን ቁልፍ ሰጠኝና፣ «ቫኑ ውስጥ አለቃዋ አንቺ ነሽ፤ ሎጆቹ ውስጥ አለቃው እኔ ነኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቫኑ ባለ አሥራ ሁለት ወንበር፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው። ዞሬ ጎማዎቹን አየሁ፤ ዘይቱን ለካሁ፤ ስፖኪዮውን ለቁመቴ አስተካከልኩ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የሚታሠር ሰንሰለት የያዘ ሳጥን አለ። ከፍቼ ሙሉ መሆኑን አረጋገጥኩና ሠራተኞቹን ለማንሣት ወደ ሴንት አልባንስ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው። ከአውስትራሊያዋ ሜልበርን የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከማንስፊልድ ከተማ በላይ፣ ሰው በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚወጣበት ተራራ አለ። እዚህም ክረምት የሚገባው እንደ አገራችን በሰኔ ነው፤ ልዩነቱ ተራራው ላይ በዝናብ ፋንታ በረዶ መሆኑ ነው። በጋውን ተዘግተው የከረሙት ሎጆች፣ ማለት የእንግዳ ማረፊያዎቹ፣ በረዶው ከመጣሉ በፊት መጽዳት አለባቸው። ምንጣፍ ይታጠባል፣ መስታወት ይወለወላል፣ አልጋ ይነጠፋል። ሰኞ እንወጣለን፤ እዚያው የሠራተኛ ማደሪያ ውስጥ እንሰነብትና ሐሙስ እንወርዳለን።

እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነው የሠራሁት። መንዳት የተማርኩት ሜልበርን፣ ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት አረጋውያንን ወደ መዋያቸው የሚያመላልስ ትንሽ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ያ ግን ሜዳ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹም በተቀመጡበት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

ጣቢያው ስደርስ ሠራተኞቹ፣ ሁሉም የአገሬ ሰዎች፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። የፊቱን በር ከፈትኩ። ማንም አልገባም።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ።»

«የለም፣ ሴቶቹ ይቅደሙ።»

«አንቱ ቆመው? ወላሂ አይሆንም!»

«በሞቴ፣ እትዬን አስገቧት። ጉልበቷን ያማታል።»

«ማን ነው ጉልበቴን ያመኛል ያለሽ?»

ሞተሩ ይሠራል፤ ናፍጣው ይቃጠላል። በመጨረሻ ፊት የተቀመጡት በዕድሜ ትልቁ ሰው፣ ጋሼ ኑሩ ናቸው። መቼም እሳቸው እንደሚቀመጡ ሁሉም ያውቅ ነበር። ይህ ጭቅጭቅ ግን በየሳምንቱ ሰኞ፣ አንድም ቃል ሳይጎድል ይደገም ነበር።

ጋሼ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከደሴ አሰብ ከባድ መኪና ነድተዋል። እዚህ ዓይናቸው ስለደከመ ሰው የመጫን ፈቃድ አላገኙም፤ ስለዚህ ሎጆቹ ውስጥ መስታወት ይወለውላሉ። መንዳቱን ግን አላቆሙም። በአፋቸው ይነዳሉ።

«ማርሽ!» ይላሉ መታጠፊያው ሲመጣ።

«ቀይሬያለሁ፣ ጋሼ።»

«ክላክስ አድርጊ!»

«እዚህ አገር በየመታጠፊያው ክላክስ አይደረግም።»

«ታዲያ ከፊት የሚመጣው በምን ይወቅሽ?»

ቀኝ እግራቸው ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ወለሉን ይጫናል። እዚያ ቦታ ላይ ምንጣፉ ሳስቶ ነበር። የሚያናድደኝ ደግሞ ማርሹን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

መንገዱ ከተራራው በር ጀምሮ እስከ ጫፉ መታጠፊያ ብቻ ነው። አንዱን ታጥፎ መሪውን ሳያቀኑ ሌላው ይመጣል። ባንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የተቆረጠ ዐለት። ከላይ የሚያህለው የማይገኝ ረጃጅም ባሕር ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ መንገዱ ላይ ይወድቅና ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ግንቦት ሲጋመስ ፀሐይ የማያገኘው መታጠፊያ ላይ ውሃው ረግቶ በረዶ ይሆናል። ጥቁር አስፋልት ላይ ስለሆነ አይታይም። ሲወጡም ሲወርዱም በሁለተኛ ማርሽ ነው። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ውስጥ አይደለም።

ይህን ሁሉ በጥቂት ጉዞ ለመድሁት። ያልለመድሁት የኋላውን ነው።

መጨረሻው ረድፍ ላይ ዘይነባ ትቀመጣለች። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ ከኮምቦልቻ ለትዳር የመጣች ልጅ ናት። በዕድሜ ታናሽ ስለሆነች ለሁሉም ቦታ ትለቅና የተረፈው ላይ ትቀመጣለች። ሁልጊዜም የሚተርፈው መጨረሻው ነው። መኪና አይስማማትም። ከበሩ አልፈን ጥቂት እንደወጣን ፊቷ ይገረጣል፤ ሎሚ ከቦርሳዋ አውጥታ ታሸታለች፤ ከዚያ ፌስታል ታወጣለች። ድምፅ አታሰማም። ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል።

መስኮት ብትከፍት ግማሽ መድኃኒት ነበር። አንድ ቀን ከፈተች።

«ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ይመታናል!» አለች ከመካከል አንዷ።

«ላብ ላይ ነን እኮ!» አለች ሌላዋ። ማንም አላላበውም። ልጅቷ ዘጋችው።

አንድ ሰኞ ፌስታሉ ተቀደደባት። ሎጁ ጋ ስንደርስ ፒተር የቫኑን የኋላ በር ከፈተና ወዲያው ዘጋው።

«ማን ነው የታመመው?» አለኝ።

«ምሳ ፈሶ ነው» አለች ሄለን ከኋላዬ። ሄለን ሒሳብ ትምህርት የምትማር ተማሪ ናት፤ ውሸት በሁለት ቋንቋ ትችላለች።

ፒተር አላመናትም። ጠዋቱ ሙሉ ቫን በማጠብ አለፈ፤ አንድ ሎጅ ሳይጸዳ ቀረ። ሁላችንንም ሰብስቦ ተናገረ። በረዶው እየመጣ ነው፣ ጊዜ የለኝም፣ ከእንግዲህ በመንገድ የሚታመም ሰው ሜልበርን ይቀራል፣ በሱ ምትክ ሌላ ሰው አመጣለሁ አለ። ሄለን ስትተረጉም ዘይነባ መወልወያውን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ሰሐን ታጥባለች።

«ለምን ሌላ ሥራ አትፈልጊም?» አልኳት። ክፉ አላሰብኩም።

«ሌላ ቦታ እንግሊዝኛ ይጠይቁኛል፣ እትዬ ሙሉ። እዚህ የሚጠይቁኝ መጥረጊያ ብቻ ነው።» ባሏ ዌሪቢ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ወገቡን ተጎድቶ ቤት እንደተቀመጠ ነገረችኝ። «ቢያስቀሩኝ ምን ይዤ እገባለሁ? አደራዎን፣ እኔ መሆኔን እንዳይነግሩ።»

አልነግርም አልኳት።

መፍትሔው ግልጽ ነበር። ፊት የተቀመጠ ሰው መንገዱን ስለሚያይ ብዙም አያመውም። ዘይነባ ፊት ትቀመጥ፣ ጋሼ ኑሩ ከኋላ ይቀመጡ። አንድ ሽማግሌን ከወንበራቸው አስነሥቶ ልጅ ማስቀመጥ ግን በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ምክንያቱን ብናገር ደግሞ የልጅቷን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ነው። ስለዚህ በዘዴ ሞከርኩ። በሕይወቴ እንዲህ የደከመኝ ዘዴ የለም።

መጀመሪያ የፊት ወንበሩ ቀበቶ ተበላሽቷል አልኩ። ጋሼ ኑሩ ከቦርሳቸው ካቻቢቴ አወጡና ሽፋኑን ፈተው አዩት። «ምንም አልሆነም፤ አንቺ ማሠር አታውቂበትም» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ፊት ለፊት ብርድ ይገባል፣ ለጤናዎ ኋላ ይሻላል አልኳቸው። «ልክ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። በተከታዩ ሰኞ ጋቢ ደርበው መጡና ፊት ተቀመጡ።

ሄለን ታዝበኛለች። «እትዬ ሙሉ፣ ለምን ዝም ብለው አይነግሯቸውም?» አለችኝ።

«አንቺ ንገሪያቸዋ።»

«እኔ? ኖ ዌይ! ታርኔት ሰፈር የአጎቴ ጎረቤት ናቸው። ማታውኑ ቤት ይደርሳል።»

በመጨረሻ ጣቢያው ላይ፣ ጭቅጭቁ ሳይጀመር የፊቱን በር ከፍቼ፣ «ዘይነባ፣ ዛሬ አንቺ እዚህ ግቢ» አልኩ። ልጅቷ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ሸሸች። «ኧረ በአላህ፣ እትዬ! ጋሼ ቆመው እኔ?» አለች። አንዷ ሴት፣ «ምን ሆነች ይቺ ሾፌር ዛሬ?» ስትል ሰማሁ። ጋሼ ኑሩ ዘይነባን፣ «አብሽሪ፣ ልጄ» ብለው ገብተው ተቀመጡ። ያን ቀንም ሎሚው አልረዳትም። ፌስታሉን ሄለን በጃኬቷ ሸፍና ፒተር ሳያይ ጣለችላት።

ሎጆቹ ሊከፈቱ ጥቂት ሲቀራቸው የፒተር መኪና ጋራዥ ገባች። ሰኞ ጠዋት ከኛ ጋር ሊሳፈር ጣቢያው ላይ ቆሟል። ከላይ የፈነዳ ቧንቧ አለ፤ ሠሪው ቀጠሮ ይዞ እየጠበቀው ነው፤ ትንበያው ደግሞ በረዶ ይላል። ከስልኩ ዓይኑን አያነሣም።

ጋሼ ኑሩ የፊቱን በር ራሳቸው ከፈቱለት። «አለቃ ነው፤ ፊት ይቀመጥ» አሉ። ፒተር አንድም ጊዜ «ኧረ እርስዎ» ሳይል ገባ። ሰዎቹ ጋሼ ኑሩን «እዚህ ይምጡ፣ እዚህ» ብለው ተነሡላቸው። «ማንም እንዳይነቃነቅ» አሉና ባዶ ወደነበረው መጨረሻው ረድፍ ሄደው ከዘይነባ ጎን ተቀመጡ።

ማንስፊልድን ስናልፍ ሰማዩ አመድ መስሏል። የተራራው በር ላይ ያለው ዘበኛ ሰንሰለት መያዛችንን ጠየቀ፤ ይዘናል አልኩ። ከላይ ቅዝቅዝ ያለ ነገር መጣል ጀምሯል፣ ቀስ በሉ አለን።

«ፈጠን በይ» አለኝ ፒተር።

ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ እየወፈረ፣ ከመጥረጊያው ሥር እየተጠራቀመ መጣ። ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል አራት መታጠፊያ አለፍኩ። ከዚያ አንድ ነገር ጎደለብኝ። «ማርሽ!» ያለኝ ሰው የለም።

በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁ። ጋሼ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የፊት ለፊቱን ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው ከሰማዩ አይለይም። ያን ሁሉ ዘመን ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ መሪ ይዘው ወይም ፊት ተቀምጠው ነው እንጂ ኋላ ተቀምጠው አያውቁም። ዘይነባ ሎሚዋን አፍንጫቸው ሥር ይዛላቸዋለች። ቀጥላ ፌስታሏን ሰጠቻቸው። ሌላ እንዳልነበራት አውቃለሁ።

ሽታው ፊት ደረሰ። ፒተር ዞረ።

«ማን ነው?»

ዘይነባ እጇን አነሣች። «ሚ» አለች በእንግሊዝኛ። ከማንም ቀድማ ነው ያለችው።

ፒተር ሕጉን እንደተናገረ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እንደማትመጣ አስታወቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ስለ ቧንቧው እንደሚያወራ ነበር ያወራው።

«ምን አለ ሰውየው?» አሉ ጋሼ ኑሩ።

«ዘይነባ ከእንግዲህ አትመጣም አለ» አለች ሄለን።

«ለምን?»

«አስመለሳት ብሎ።»

ጋሼ ኑሩ ፌስታሉን ወደ ላይ አነሡት። «ይሄ የኔ ነው! የሷ አይደለም! ንገሪው!»

«ጋሼ፣ በአላህ፣ አንቱ ዝም ይበሉ» አለች ዘይነባ።

«ሰው ንብረቴን ሲወስድ ዝም እላለሁ? የኔ ነው በይው! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ተርጉሚ!»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለች ሄለን፤ ግን ተረጎመች።

«እንግዲያው እሱም ይቀራል» አለ ፒተር።

ሰፋ ያለ ቦታ አገኘሁና ከመንገዱ ወጣሁ። እጅ ፍሬን ያዝኩ፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ።

«ለምን ቆምሽ?» አለ ፒተር።

«ማንም አይቀርም» አልኩት። «ሰዎቹ አልታመሙም። የተቀመጡበት ቦታ ነው ያስመለሳቸው። ውረድና ኋላ ተቀመጥ።»

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም። ቫኑ ውስጥ አለቃዋ አንቺ ነሽ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ቧንቧ ሠሪው እየጠበቀኝ ነው።»

«አሁን ከወረድክ ትደርስበታለህ። እዚህ ከተከራከርን ግን ሰንሰለት ማሠር ሊኖርብን ነው፤ እሱ ደግሞ ከቫኑ ውጭ ስለሆነ ያንተ ሥራ ነው።»

ወደ ውጭ አየ። መንገዱ ዳር ነጭ እየሆነ ነበር። ወረደ።

እኔም ወርጄ ተንሸራታቹን በር ከፈትኩ። ጋሼ ኑሩና ዘይነባ ወረዱ። የፊቱ በር ክፍት ነው። እዚያ፣ የሚቀዘቅዝ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ሁለቱም አመድ መስለው፣ ጀመሩ።

«ግቢ፣ ልጄ።»

«ኧረ አንቱ ይግቡ፣ ጋሼ፤ አሞዎታል።»

«አንቺንም አሞሻል። ግቢ ብያለሁ።»

«ወላሂ አልገባም፣ አንቱ ሳይገቡ።»

«እንግዲያው እኔም እዚሁ ነኝ።»

ከቫኑ ውስጥ ደግሞ፣ «ጋሼ ይግቡ!» «የለም፣ ትግባ!» እያሉ ያግዟቸዋል።

በዚያን ጊዜ ጮኽኩ። በታላቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «ዘይነባ፣ ፊት! ጋሼ ኑሩ፣ ከኔ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ! ሁለቱም መስኮት ይከፈት! ብርድ ይመታኛል የሚል ወርዶ በእግሩ ይምጣ!»

ዘይነባ ገባች። ጋሼ ኑሩ ገቡ። መስኮቶቹ ተከፈቱ።

«እትዬ ሙሉ ተሾሙ» አለች ሄለን በቀስታ።

ፒተር መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ዘይነባ በነበረችበት ቦታ ተቀመጠ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ እንዲያመው ፈልጌ ነበር። ሰውየው ግን ተኛ። ጉልበቱን አጣጥፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እስከ ጫፉ ድረስ አንኮራፋ።

«ይሄ ሰው አንጀት የለውም እንዴ?» አሉ ጋሼ ኑሩ ቅር ብሏቸው።

ዘይነባ መስኮቱን ጣት በሚያህል ክፍት አድርጋ መንገዱን መንገዱን ታያለች። መንገዱን ስናጋምስ የፊቷ ቀለም ተመለሰ። ከጫፉ ጥቂት ሲቀረን፣ «እትዬ፣ መኪና እየመጣ ነው» አለችኝ። አይቼዋለሁ፤ ግን እሺ አልኳት።

ስንደርስ ቧንቧ ሠሪው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፒተር እየሮጠ ሄደ። ስለ ሕጉ በዚያን ቀንም በኋላም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይቅርታም አልጠየቀ። ሁለቱም በሥራቸው ቆዩ። በረዶው በዚያው ሳምንት ጣለ፤ ሎጆቹ ግን አልቀው ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ጣቢያው ስደርስ ጋሼ ኑሩ የፊቱን በር ከፍተው ቆመዋል።

«ግቢ፣ ዘይነባ። ሰዓት አትግደይ።»

«ኧረ ጋሼ…»

«ሾፌሯ ትጮኽብሻለች።»

ገባች። እሳቸው ከኔ ጀርባ ተቀመጡ። ከበሩ አልፈን የመጀመሪያው መታጠፊያ ሲመጣ፣ «ማርሽ!» አሉ። ቀድሞ ከጎኔ ነበር የሚጮኹት፤ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ ከጆሮዬ ሥር ሆነ።

አሁን ቫን ለምትነዱ የማካፍላችሁ ይህንኑ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የፊት ወንበር ለሚያመው ሰው ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገረው ሾፌሩ ነው፤ የሚናገረውም ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ነው።